ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ጨለማ ነው፦ የአክስቴ ዴስክቶፕ የጥገና ማስታወሻ

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

አክስቴ ፍኖተ ሰላም ላይ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አላት። ሐሙስ ደውላ "ኮምፒውተሩ ይነሣል፣ ግን ምንም አያሳይም" አለችኝ። እኔ ደብረ ማርቆስ ነኝ። ትምህርት ተዘግቷል፣ ስለዚህ ዛሬ በጠዋት ሚኒባስ ይዤ መጣሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ካቻቪቴ፣ መልቲሜትር፣ አሮጌ ላፕቶፕ፣ ሃርድ ዲስክን በዩኤስቢ የሚያገናኝ ኬብልና አንድ የቀለም ብሩሽ አለ። የምነካውን ሁሉ እዚህ እጽፋለሁ። ባለፈው የጎረቤት ኮምፒውተር ስሠራ ምኑን ነቅዬ ምኑን እንደመለስኩ ጠፍቶብኝ ሙሉ ቀን ባክኗል።

ማሽኑ ኤችፒ ኮምፓክ ፕሮ 6300 ነው፣ ትልቁ ቁም ኬዝ። ኮር አይ5-3470 ፕሮሰሰር፣ ሁለት ባለ 4 ጊጋ ዲዲአር3 ሚሞሪ፣ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ። የተለየ ግራፊክስ ካርድ የለውም፤ ምስሉ ከፕሮሰሰሩ ወጥቶ በማዘርቦርዱ (ክፍሎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ሰሌዳ) የቪጂኤ ሶኬት በኩል ነው ወደ ሞኒተሩ የሚሄደው። ይሄ ጥሩ ነው፣ አንድ የምጠረጥረው ነገር ቀነሰልኝ።

ስከፍተው ፋኖቹ ይዞራሉ፣ የፊት መብራቱ ብልጭ ብልጭ ይላል፣ ሞኒተሩ "ኖ ሲግናል" ብሎ ይተኛል። ኪቦርዱ ላይ ካፕስ ሎክን ብጫን መብራቱ አይበራም። ስለዚህ ችግሩ የምስል ብቻ አይደለም፣ ማሽኑ ራሱ ገና አልነቃም ማለት ነው።

እቴቴ (አክስቴን የምጠራት እንዲህ ነው) የነገረችኝን እንዳለ ልጻፈው። "ረቡዕ ማታ መብራት ሁለት ጊዜ ሄዶ መጣ። ሐሙስ ጠዋት በማለዳ ስከፍተው ጥቂት ጮኸ ጮኸና ዝም አለ። ደግሞ ከፋሲካ ወዲህ እኮ ዘገምተኛ ሆኖብኝ ነበር፣ አንድ ደብዳቤ ለመክፈት ቡና ይፈላል።" ከፋሲካ በፊት ምን ሆኖ ነበር ብዬ ስጠይቃት፣ ፋኑ በጣም ይጮህ ስለነበር አንድ ሠራተኛ መጥቶ ፈታቶ ጠርጎላት እንደሄደ ነገረችኝ።

መጀመሪያ ሞኒተሩን ከኬብሉ ጋር በላፕቶፔ ሞከርኩት። ይሠራል። ኬብሉም ደህና ነው፣ ሞኒተሩም ደህና ነው። 10 ደቂቃ የፈጀ ሥራ ነው፤ ግን ይህን ሳያደርግ ኬዝ የሚከፍት ሰው ብዙ ነው።

ቀጥዬ ምንም ከመንካቴ በፊት ሃርድ ዲስኩን አወጣሁ። በዩኤስቢ ኬብሉ ላፕቶፔ ላይ ሰካሁት፣ ተነበበ። የውል ቅጾች፣ የማመልከቻ ናሙናዎች፣ የመምህራን የፈተና ወረቀቶች፣ የሠርግ ጥሪ ካርዶች፣ የዓመታት ሥራዋ እዚያ ነው ያለው። 41 ጊጋ ሆነ፣ ሁሉንም ገለበጥኩት። እቴቴ አጠገቤ ቆማ ነበር። "አለ?" አለች። "አለ" ስላት ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ ማሽኑ ቢሞትም ያን ያህል አያስፈራኝም።

አሁን ኬዙን ከፈትኩት። ሶኬቱን ነቅዬ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ጥቂት ሰከንድ ተጭኜ የቀረውን ኤሌክትሪክ አራገፍኩ፣ እጄን የኬዙ ብረት ላይ አሳርፌ ጀመርኩ። ውስጡ ቀይ ነው። ወፍጮ ቤቱ ከሱቋ ጋር አንድ ግድግዳ ነው የሚጋሩት፣ በበጋ ደግሞ የዚህ አገር በርበሬ ሁሉ እዚያ ይፈጫል። የዱቄት ነጭ፣ ከላዩ የበርበሬ ቀይ፣ ከፋኑ ላይ እንደ ጭቃ ተለጥፏል። ሁለታችንም አስነጠስን። ዓይኔ አለቀሰ።

እዚህ ላይ የመጀመሪያውን ስህተት ሠራሁ። የብስክሌት መንፊያ ተውሼ በኃይል ነፋሁበት። አቧራው ከፋኑ ለቀቀ፣ ግን ሁሉም ወደ ውስጥ ገባ፣ ሚሞሪ ሶኬቶቹ ላይ ጭምር። በብሩሽ ቀስ ብሎ ወደ ውጭ መጥረግ ነበር። ከጠረግኩ በኋላም ለውጥ የለም፣ ያው ጨለማ።

የሲሞስ ባትሪውን፣ ማሽኑ ሲጠፋ ሰዓቱንና ሴቲንጉን የሚያቆየውን ትንሽ ባትሪ፣ ለካሁ። ሲአር2032 አዲስ ሲሆን 3 ቮልት መሆን አለበት፣ የእሷ 2.3 ነው። ከአንድ የእጅ ሰዓት ጠጋኝ በ100 ብር አዲስ ገዛሁ። ማዘርቦርዱ ላይ ቢጫ የሲሞስ ቁልፍ አለ፤ ሶኬቱ ተነቅሎ ለ5 ሰከንድ ተጭኖ ይያዛል፣ የድሮው ሴቲንግ ይጠፋል። አደረግኩት። ለውጥ የለም። ባትሪው መቀየር ነበረበት፣ ግን በሽታው እሱ አልነበረም።

ቀጥሎ ፓወር ሳፕላዩ፣ ለማሽኑ ክፍሎች ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ሳጥን። ከማዘርቦርዱ ነቅዬ፣ በ24 ፒኑ ሶኬት ላይ አረንጓዴውን ሽቦ ከጥቁሩ ጋር በወረቀት ክሊፕ አገናኝቼ አስነሣሁት። 12.08፣ 5.06 እና 3.31 ቮልት። የሚፈቀደው ልዩነት ከላይም ከታችም 5 በመቶ ነው፣ ለ12ቱ ከ11.4 እስከ 12.6 ማለት ነው። ስለዚህ ጤነኛ ነው። ይህን ቁጥር በገዛ እጄ ጽፌ ሳለ አንድ ያገሩ ጠጋኝ መጣና "ባዶውን ስትለካው ደህና ይመስላል፣ ጭነት ሲያገኝ ይወድቃል" አለኝ። አባባሉ እውነት ነው፣ እንዲህ ይሆናል። ረቡዕ መብራት ሄዶ መምጣቱም አእምሮዬ ውስጥ ስለነበር አመንኩት። ያገለገለ ፓወር ሳፕላይ በ2,400 ብር ገዛሁ። ገጠምኩ፣ ሽቦዎቹን አስተካከልኩ፣ አበራሁ። ፋኖቹ ዞሩ፣ ስክሪኑ ጨለማ።

ሰውየው ተመልሶ "እንግዲያው ማዘርቦርዱ ሞቷል" አለ። ያገለገለ ማዘርቦርድ በ6,000 ብር አለኝ ሲል እቴቴ ዞር ብላ አየችኝ። "እስከ ነገ እንቆይ" አልኩ። የሐዋርያት ጾም ዛሬ ነው የተፈታው፣ ዶሮ ተሠርቷል። እየበላሁ ስለ ማዘርቦርዱ ነው የማስበው።

ሐምሌ 6፣ እሑድ

አገኘሁት፣ ቢያንስ ጫፉን።

ከቅዳሴ መልስ ሱቁን ከፈትን። ወፍጮው ዛሬ ዝግ ነው። ትናንት ቀኑን ሙሉ ስሠራ የነበረው በዚያ ሞተር ጩኸት ውስጥ ነው፣ እቴቴን እንኳ የማናግራት ጆሮዋ ሥር ሆኜ ነበር። ዛሬ ጸጥ ብሏል። ማሽኑን አበራሁት፣ ከውስጡ ጩኸት ወጣ። ጢት፣ ጢት፣ ጢት፣ ጢት፣ ጢት። ትንሽ ዝም። እንደገና አምስት። ከፊት ያለው መብራትም ከጩኸቱ እኩል ቀይ ብልጭ ይላል፣ አምስት ጊዜ።

ትናንት መብራቱን አይቼዋለሁ። "ብልጭ ብልጭ ይላል" ብዬ ጽፌዋለሁ። ግን አልቆጠርኩትም። የዚህ ዘመን የኤችፒ ማሽኖች በብልጭታና በድምፅ ነው በሽታቸውን የሚናገሩት፦ ሁለት ጊዜ ከሆነ ፕሮሰሰሩ ከመጠን በላይ ሞቋል፣ ሦስት ፕሮሰሰር የለም፣ አራት የፓወር ችግር፣ አምስት ሚሞሪ፣ ስድስት ግራፊክስ፣ ሰባት ማዘርቦርድ። ድምፁ አምስት ዙር ከጮኸ በኋላ ያቆማል፣ መብራቱ ግን ይቀጥላል። እቴቴ ሐሙስ "ጮኸ ጮኸና ዝም አለ" ያለችው ይሄንኑ ነበር። ወፍጮው ሳይነሣ በማለዳ ስለከፈተችው ሰማችው። በሽታውን ነግራኝ ነበር፣ እኔ ነኝ ያላዳመጥኳት። እንዲህ ስላት "እኔማ ምን አውቄ፣ የሰማሁትን ነው የነገርኩህ" አለች። የተፈለገው እኮ እሱ ነው።

የድሮውን ፓወር ሳፕላይ መለስኩና ማሽኑ እየሠራ ሳለ ወደ ሃርድ ዲስኩ በሚሄደው ሶኬት ላይ ቢጫውን ሽቦ ለካሁት። 12.02። ጭነት ላይ ሆኖም ደህና ነው። ይህን መለኪያ ትናንት ባደርገው ኖሮ 2,400 ብሩ ኪሴ ውስጥ ነበር።

አሁን ሚሞሪ። ሁለቱን ነቀልኳቸውና ያለ ሚሞሪ አበራሁት። አምስት ጩኸት። ይሄ ደስ የሚል ውጤት ነው፤ ማዘርቦርዱና ፕሮሰሰሩ ነቅተው "ሚሞሪ የለኝም" ማለት ከቻሉ አልሞቱም። የ6,000 ብሩ ጉዳይ እዚህ ላይ ተዘጋ።

ሚሞሪዎቹ ላይ ፕላስተር ለጥፌ "ሀ" እና "ለ" ብዬ ጻፍኩባቸው። ሶኬቶቹን ከዳር ጀምሬ 1፣ 2፣ 3፣ 4 አልኳቸው። ተሰክተው የነበሩት 1 እና 3 ላይ ነው። ከዚያ አንድ በአንድ፣ በየመካከሉ የመብራቱን ሶኬት እየነቀልኩ። "ሀ" 1 ላይ፣ አምስት ጩኸት። "ሀ" 2 ላይ፣ አምስት። 3 ላይ፣ አምስት። 4 ላይ፣ አምስት። "ለ" 1 ላይ፣ አምስት። 2 ላይ፣ አምስት። "ለ" 3 ላይ ስሰካው የኤችፒ ምልክት ስክሪኑ ላይ ወጣ። እቴቴ እልል አለች። ጉዳዩ ገባኝ ብዬ ሳልጨርስ ጠረጴዛውን ገፋ አደረግኩት፣ ስክሪኑ ቆመ። እንደገና ሳስነሣው አምስት ጩኸት።

ስለዚህ የመገናኛ ችግር ነው። ሚሞሪዎቹን በብርሃን ሳያቸው ወርቃማው ጥርስ ላይ ቡናማ ሽፋን አለ። እኔ የገባኝ እንዲህ ነው፦ በበጋ የገባው የበርበሬና የዱቄት ብናኝ ደረቅ ሆኖ ተቀምጦ ነበር። ክረምት ሲገባ እርጥበቱን ጠጣ፣ በርበሬው ደግሞ ቅባት አለው፣ ሁለቱ ተደባልቀው በጥርሱና በሶኬቱ መካከል ቀጭን ሽፋን ሆኑ። መብራት ሄዶ መምጣቱ ምናልባት አጋጣሚ ነው። ማሽኑ ሲጠፋና ሲነሣ ሚሞሪውን እንደ አዲስ ይፈትሻል፣ መጥፎው ግንኙነት የሚታየውም ያኔ ነው።

ነጭ ላጲስ በ15 ብር ገዝቼ ጥርሶቹን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ፈተግኳቸው፣ ፍርፋሪውን ወደ ውጭ እያራገፍኩ። አልኮል ያስፈልገኛል። መድኃኒት ቤት ያገኘሁት 70 በመቶ ነው፣ ውሃው በዛ። የአክስቴ ልጅ "ዳግም አረቄ አለ" አለኝ፣ ጠንካራ ነው ብሎ ከልቡ ነው። ግን አረቄ ውስጥም ውሃና ሌላ ሌላ ነገር አለ፣ ሲደርቅ የሚቀር። ተውነው። ለዛሬ ደረቅ ጽዳት ብቻ።

ከላጲሱ በኋላ "ሀ"ም "ለ"ም 3 እና 4 ላይ ሠሩ። 1 እና 2 ላይ ግን ማንኛቸውም አይሠሩም። ሁለቱንም 3 እና 4 ላይ ሰካሁና 8 ጊጋ አሳየ። ዊንዶውስ ተነሣ። እቴቴ ፓወር ግዕዝ ከፍታ አንድ መስመር ጻፈች፣ አተመች። "በጣም ፈጠነ እኮ" አለች። ለምን እንደፈጠነ አልጠየቅኩም፣ ደስታው ያዘኝ። ማታ 12 ሰዓት ዘጋን።

ሐምሌ 7፣ ሰኞ

ፓወር ሳፕላዩን ልመልስ ሄድኩ። ነጋዴው በ1,900 ተቀበለኝ። 500 ብር ከሰርኩ። ወደ ደብረ ማርቆስ ተመለስኩ።

ሐምሌ 10፣ ሐሙስ

ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ እቴቴ ደወለች። "ያው ሆነ።" አጥፍተሽ አብሪውና ስልኩን ኬዙ ላይ አስጠጊው አልኳት። ወፍጮው ነው የሚሰማኝ። "መብራቱን ቁጠሪልኝ።" ቆጠረች። "አምስት። ቆመ። ደግሞ አምስት።"

ስለዚህ ላጲሱ ለአራት ቀን ነበር የበቃው። ቁጭ ብዬ የጻፍኩትን ሳነብ ሁለት የዘለልኳቸው ነገሮች ታዩኝ። አንደኛ፣ የጠረግኩት የሚሞሪዎቹን ጥርስ ነው፣ ሶኬቶቹን አይደለም። ቅዳሜ በመንፊያ አቧራ የነፋሁት ደግሞ እነዚያ ሶኬቶች ውስጥ ነው። ሁለተኛ፣ 1 እና 2 ለምን እንደማይሠሩ ሳላውቅ ነው ትቼው የመጣሁት። አንድ ሶኬት ቢሞት እሺ። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አብረው ሲሞቱ ግን የቆሻሻ ነገር አይመስልም። ሁለቱ አንድ ቻነል ናቸው፣ ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚያገናኛቸው የጋራ መስመር አላቸው ማለት ነው። በዚህ ትውልድ ሚሞሪውን የሚያስተዳድረው ክፍል ማዘርቦርዱ ላይ ሳይሆን ፕሮሰሰሩ ውስጥ ነው ያለው፣ ስለዚህ ከሚሞሪ ሶኬት የሚነሣው መስመር በቀጥታ ፕሮሰሰሩ ሥር ካሉት ፒኖች ላይ ነው የሚያርፈው። ከፋሲካ በፊት ደግሞ ያ ሠራተኛ ፈታቶ ጠርጓል።

"ከፋሲካ ወዲህ ዘገምተኛ ሆነ" ያለችውም አሁን ገባኝ። አንዱ ቻነል ያኔ ነው የጠፋው። ለሦስት ወር ያህል በ4 ጊጋ ብቻ ነበር የምትሠራው፣ 8 ሆኖ ሳለ። እሑድ ሁለቱን 3 እና 4 ላይ ሳደርግላት የፈጠነው ለዚህ ነው።

ዛሬ ማታ ከአንድ የሞባይል ጥገና ቤት 99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል በ350 ብር ገዛሁ። ቴርማል ፔስት፣ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባው፣ 300 ብር። የወንድሜን ማጉያ መነጽር ተዋስኩ።

ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ

ዛሬ የከበደኝ ቀን ነው። ዝርዝሩን ልጻፈው።

መጀመሪያ የሚሞሪ ሶኬቶቹን። ቀጭን የፕላስቲክ ካርድ ቆርጬ፣ ክር የማይተው የመነጽር መጥረጊያ ጨርቅ ጠቀለልኩበት፣ አልኮል ነክሬ በየሶኬቱ አስገብቼ አወጣሁ። የመጀመሪያው ጨርቅ ቀይ ሆኖ ወጣ። ሁለተኛው ቡናማ። አምስተኛው ላይ ነጭ ሆነ። እነዚያ ሶኬቶች ውስጥ ለአንድ ወጥ የሚበቃ በርበሬ ነበር።

ከዚያ ፕሮሰሰሩ። ሂትሲንኩን፣ ፕሮሰሰሩን የሚያቀዘቅዘውን ብረት፣ አራት ብሎን ነው የያዘው፣ በመስቀለኛ ተራ ፈታሁ። ፔስቱ ደርቆ እንደ ኖራ ሆኗል፣ መጠኑ ደግሞ ከልክ በላይ ነው፣ በዳር በኩል ፈሷል። የብረት ክንዱን ከፍ አድርጌ ፕሮሰሰሩን ወደ ላይ ቀጥ አድርጌ አነሣሁት። ይህ ሶኬት 1155 ፒን አለው፣ ሁሉም ከፀጉር ትንሽ ወፈር የሚሉ፣ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ያዘነበሉ፣ በብርሃን ሲታዩ እንደታጨደ ማሳ መስመር አላቸው። በማጉያው ሳያቸው አንድ ጥግ ላይ መስመሩ ተበላሽቷል። ሁለት ፒኖች ተጋድመዋል፣ አጠገባቸው ግራጫ የፔስት ጠብታ አለ። የፋሲካው ሥራ ይሄ ነው። ሰውየውን አልወቅሰውም ማለት አልችልም፤ የእጅ ስህተት ያጋጥማል፣ ነገር ግን አይቶት ከሆነ ሊነግራት ይገባ ነበር።

ቀጥሎ የኔ ጥፋት። ፔስቱን ለማንሳት አልኮል የነካ ጥጥ አስጠጋሁ። ጥጥ! ክሩ ፒን ላይ ተጠመጠመ፣ ሳወጣው ሦስተኛ ፒን ይዞ ጎበጠ። ልቤ ቆመ። ከዚህ ሶኬት አንድ ፒን ቢሰበር ማዘርቦርዱ ያኔ በእውነት ይሞታል፣ ገዳዩም እኔ ነኝ። ለሩብ ሰዓት ያህል ምንም ሳልነካ ውጭ ወጥቼ ቆምኩ። ዝናብ ይዘንብ ነበር።

ተመልሼ ፔስቱ ላይ አልኮሉን በስሪንጅ ጠብ ጠብ አደረግኩበት፣ ሳልነካው። ሲለሰልስ በጨርቁ ጫፍ ከላይ ብቻ አስነካሁት፣ ተመጠጠ። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ጠራ።

ፒኖቹን በወረንጦ ልይዛቸው ሞከርኩ፣ ወረንጦው ወፍራም ነው፣ የመጀመሪያውን ከሚገባው በላይ ወደ ኋላ ገፋሁት። ተውኩና ከእቴቴ ቀጭን የስፌት መርፌ ተቀበልኩ፣ እርሳስ ጫፍ ላይ በክር አሰርኩት። የስልኬን ካሜራ አጉልቼ በመጽሐፍ ክምር ላይ አስቀመጥኩት፣ ስክሪኑን እያየሁ መርፌውን ፒኑ ሥር አስገብቼ በጣም በትንሹ ማንሳት፣ ማየት፣ እንደገና ማንሳት። ብረት ወዲያ ወዲህ ሲባል ይደክማል፣ ስለዚህ በአንድ አቅጣጫ ብቻ። ለሦስት ፒን አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ፈጀ። እቴቴ በሩን ዘግታ ደንበኛ እንዳይገባ ቆመችልኝ። አንድ ጊዜ ብቻ "ውሃ ላምጣልህ?" አለች። እጄ ይንቀጠቀጣል ብላ ነው፣ አልተሳሳተችም።

መስመሩ ገጠመ። ፕሮሰሰሩን መለስኩ፣ ክንዱን ቆለፍኩ፣ መካከሉ ላይ የምስር ፍሬ የምታክል ፔስት አደረግኩ፣ ሂትሲንኩን በመስቀለኛ ተራ አጠበቅኩ። ሚሞሪ "ሀ" 1 ላይ፣ "ለ" 3 ላይ፣ እንደ ድሮው። ሶኬቱን ሰካሁ። ወፍጮው ይጮሃል፣ ስለዚህ ዓይኔ መብራቱ ላይ ነው። ቀይ አልሆነም። ስክሪኑ ላይ ምልክቱ መጣ። ሴቲንጉ ውስጥ ገብቼ ሳይ 8 ጊጋ፣ ሁለቱም ቻነል አለ።

ጠረጴዛውን ገፋሁት። አልቆመም። ኬዙን በጡጫ ቀስ ብዬ መታሁት። አልቆመም። ሰዓቱንና ቀኑን አስተካከልኩ፣ ባትሪው ተቀይሮ ስለነበር ወደ ኋላ ሄዷል።

ማታ ሜምቴስት86ን፣ ሚሞሪ የሚፈትሸውን ፕሮግራም፣ በፍላሽ አስነሥቼ ተውኩት። አንደኛው ዙር አለቀ፣ ስህተት ዜሮ። ሁለተኛው ላይ መብራት ሄደ።

ሐምሌ 13፣ እሑድ

ሜምቴስቱን ከመጀመሪያው እንደገና አስጀመርኩት። ሁለት ዙር ሞላ፣ ስህተት ዜሮ። ሚሞሪዎቹ ደህና ናቸው፣ ድሮም ደህና ነበሩ። አዲስ ሚሞሪ ብገዛ ኖሮ ለተወሰነ ቀን ይሠራ ነበር፣ አዲሱ ጥርስ ንጹሕ ስለሆነ። እኔም ዳንኩ እል ነበር።

አሁን የቀረው ብናኙ ነው። ማሽኑ መሬት ላይ፣ ከወፍጮው ግድግዳ ጋር ተጠግቶ ነበር የተቀመጠው። ግድግዳው ላይ እጄን ሳሳርፍ ትናንት መንቀጥቀጡ ይሰማኝ ነበር፤ ጠረጴዛው ደግሞ ከግድግዳው ጋር ተነካክቶ ነው። ኬዙን ወደ ማዶው ግድግዳ ወሰድነው፣ ጉልበት ከፍታ ያለው መደርደሪያ ላይ፣ ከሥሩ የአሮጌ ጎማ ቁራጭ አደረግኩ።

ከፊት አየር የሚስብበት ቦታ ላይ ማጣሪያ ፈለግኩ። መጀመሪያ የአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ወጥሬ አሰርኩበት። የኮር ቴምፕ ፕሮግራም ከፍቼ ማሽኑን አስጨንቄ ስለካው፣ ያለ ጨርቅ 66 ዲግሪ የነበረው 81 ገባ። በጣም ወፈረ፣ አየር ይዘጋል። አነሣሁት። አሮጌ አጎበር ቆርጬ ሁለት ድርብ አድርጌ ሞከርኩ፣ 69 ሆነ። ይሄ ይሄዳል። ደቃቁን ብናኝ ሁሉ አይዝም፣ ግን ትልቁን ይይዛል፣ ታጥቦም ይመለሳል። እቴቴ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ማታ አውጥታ ታጥበዋለች።

ሐምሌ 26፣ ቅዳሜ

ሁለት ሳምንት ሆነው። አልደወለችም፣ እኔ ነኝ ሄጄ ያየሁት። ኬዙን ከፈትኩ። ሶኬቶቹ ንጹሕ ናቸው፣ ፋኑ ላይ ስስ ነጭ ዱቄት አለ፣ በብሩሽ ተጠረገ። አጎበሩ ቀይ ሆኗል። ለሙከራ አምስት ጊዜ አጥፍቼ አስነሣሁት፣ አምስቱንም ጊዜ ተነሣ።

መልቲሜትሩን የግድግዳው ኤሌክትሪክ ላይም አድርጌ ነበር። ወፍጮው ሲነሣ ከ221 ወደ 178 ቮልት ለቅጽበት ይወርዳል፣ ከዚያ ይመለሳል። ትልቅ ሞተር ሲነሣ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ኩረንት ይስባል፣ ስለዚህ አይገርምም። ለአሁኑ በሽታ ምክንያቱ ይህ እንዳልሆነ አይቻለሁ፣ ነገር ግን ያልተቀመጠ ሥራ ያጠፋባታል። ከመስከረም በፊት የተማሪ ምዝገባ ሥራ ሲገባላት ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ ማሽኑን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየውን ባትሪ፣ እንገዛለን ተባብለናል።

ወጪ እስከ ዛሬ፦ ባትሪ 100፣ ላጲስ 15፣ አልኮል 350፣ ፔስት 300፣ በፓወር ሳፕላዩ የከሰርኩት 500፣ ትራንስፖርት ሦስት ደርሶ መልስ 1,500። ድምር 2,765 ብር። ከዚህ ውስጥ ማሽኑን ያዳነው 765ቱ ነው።

ነሐሴ 3፣ ቅዳሜ

እቴቴ ዛሬ በስልክ ፎቶ ላከችልኝ። የብልጭታውን ቁጥር ራሷ በፓወር ግዕዝ ጽፋ፣ አትማ፣ ላሚኔት አድርጋ ኬዙ ጎን ላይ ለጥፋዋለች። ሁለት ሙቀት፣ ሦስት ፕሮሰሰር፣ አራት ፓወር፣ አምስት ሚሞሪ፣ ስድስት ግራፊክስ፣ ሰባት ማዘርቦርድ። ከሥሩ በትልልቅ ፊደል የኔ ስልክ ቁጥር አለ፣ ከጎኑ ደግሞ "ከመደወልህ በፊት ቁጠር" ብላ ጨምራለች፤ ሱቁን ቀን ቀን ለሚይዝላት ለልጇ ነው።